መርፌዋና ምላሱ

ሌላው ሰው በእጁ ሠርቶ ያድራል፤ ልኩ የሚያድረው በምላሱ ነው። በወሬ ማለቴ አይደለም፣ ወሬስ ብዙም አይሆንለትም። ልኩ የክር ፋብሪካው ምግብ ቤት ዋና አብሳይ ነው። የምሳ ሰዓት ሲቃረብ ትልቁ ድስት ፊት ይቆማል፤ ጨው ይጨምራል፣ ጭልፋውን ይነክራል፣ እፍ እፍ ይላል፣ ይቀምሳል፣ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ይሰቅላል፤ ከዚያ «ልኩ ነው!» ብሎ ንጹሕ ሽርጥ ሊቀይር ይሄዳል። ይህች ቃል ሳትነገር ምግብ የሚታደልበት መስኮት አይከፈትም። ሠራተኛው ትሪ ቢደበድብ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ ቢለማመጥ አይከፈትም። ስሙም የወጣለት ከዚሁ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ከደመወዝ ወረቀት ላይ በቀር የትም አይገኝም፤ ሰው ሁሉ ልኩ ይለዋል፣ ሚስቱ ብቻ «አንተ» ትለዋለች።

ባለፈው ክረምት ትኩሳት አልጋ ላይ ጣለው። ክፉኛ ታሞ ነበር፤ ቤተሰቡ ተስፋ ሊቆርጥ ምንም አልቀረው። እንደ ምንም ብሎ ተነሳ። ከተነሳ በኋላ ግን ዓለም ሁሉ ተበላሽቶ ጠበቀው። ቲማቲሙ እንደ ዱሮው አይደለም፣ ዳቦው ወረቀት ወረቀት ይላል፣ «የዘንድሮ ጨው ደግሞ ጭራሽ ጉልበት የለውም» ይላል። እንዲህ እያለ የሚነጫነጭ ሽማግሌ በየቤቱ ስለማይጠፋ ነገሩን ከቁም ነገር የቆጠረው ያለ አይመስልም ነበር። እሱም አልቆጠረውም። ጨው ጉልበት ካጣ አንድ እፍኝ መጨመር ነው፤ ሌላ ምን ጣጣ አለው?

እንዲያውም ከሕመሙ ወዲህ እጁ በረከት ያገኘ ይመስለው ነበር። ድስቱ ያው ድስት፣ ድንቹና ባቄላው ያው፤ ሾርባው ግን ይተርፋል። ዱሮ የመጨረሻው ሰልፈኛ የድስቱን ቂጥ ነበር የሚያስጭረው፤ አሁን ሁሉም ጠግቦ ደግሞ ሁለተኛ ጭልፋ ይጠይቃል። «ከሞት የተመለሰ ሰው እጁ ይባረካል» አላት አንድ ቀን ለባልደረባው። ባልደረባው ዝምተኛዋ ናት፤ ከእሱ ጎን ስትከትፍና ስታማስል ዕድሜዋን የፈጀች፣ በዓመት የምትናገረው ቃል አንድ ድስት የማይሞላ ሴት። ሰማችውና ማንቆርቆሪያዋን ምድጃው ላይ ጣደች።

ሐኪሙ «ከሥራ ሲመለሱ ቁጭ ብለው ይረፉ» ብሎት ነበር። ቁጭ ማለት ደግሞ ለልኩ ቅጣት ነው። ቤት ውስጥ እንዳያበስል ሚስቱ ከልክላዋለች፤ «ለፋብሪካው ታበስላለህ፣ እዚህ ደግሞ እንግዳ ሁን» ትለዋለች። አልፎ አልፎ እሑድ ቀን እንቢ ብሎ ድስት ከጣደም፣ ማዕድ ላይ ከመቅረቡ በፊት «ቀዝቅዟል፣ ላሙቀው» ብላ ይዛው ወደ ጓዳ ትገባለች። ይህን ሁሉ ፍቅር ነው ብሎ ተቀበለው። ፍቅርስ ነበር፤ ግን እሱ እንደመሰለው ዓይነት አልነበረም። ብቻ እጁን አጣምሮ ሲቁነጠነጥ ያየችው፣ ትዳር ይዛ የወጣችው ሴት ልጁ መላ መታች።

«አባዬ፣ ቁጭ ብለህ የምታየው ነገር ልግዛልህ» አለችው። «ዓሣ።»

«የሚበላ ነው የሚታይ?»

«የሚታይ።»

ዓሣ ሱቁ ጠባብና ሞቃት ነው፤ እስከ ጣሪያው የተደረደረው የመስተዋት ገንዳ ሁሉ ይንቆረቆራል። ዓሣ ሻጩ ክንዱ እስከ ክርኑ የራሰ፣ መነጽሩ ላይ የውሃ ጠብታ የደረቀበት ሰው ነው። ልጅቱ በሩ አጠገብ ያሉትን የተራ ውሃ ዓሦች ለአባቷ አሳየችው፤ ርካሽም ናቸው፣ አያስቸግሩም። ልኩ ግን አልፏቸው እስከ ጓዳው ዘለቀ። እዚያ ጥግ ላይ ብርቱካን የመሰሉ፣ ነጭ ቀበቶ የታጠቁ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ጎን ለጎን ሆነው እየተወዛወዙ ያዩታል።

«እነዚህን» አለ።

«እነሱ የጨው ውሃ ናቸው ጋሼ፤ ለጀማሪ ይከብዳሉ» አለ ዓሣ ሻጩ።

«ምናቸው ነው የሚከብደው?»

«የጨዉን ልክ መጠበቁ።»

አበቃ፤ ነገሩ በዚያች ቃል አለቀ። ልኩ ደረቱን ነፋ። «ልጄ፣ ጨው ከሆነ ለእኔ ተወው» አለ። ልጅቱ አንዴ ወለሉን አንዴ አባቷን አየች፤ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ዋጋው አስደንግጧት ነው ብሎ አሰበ።

ዓሣ ሻጩ የመስተዋት ገንዳ፣ ነጭ አሸዋ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ፣ ፓምፕ፣ ማሞቂያና አንድ ከረጢት የባሕር ጨው ከመረላቸው። በመጨረሻ በመዳፍ የምትያዝ የፕላስቲክ ሳጥን አመጣ። ውስጧ መርፌ አለች። ውሃ ሲሞሉባት መርፌዋ ትነሳለች፤ አረንጓዴው መስመር ላይ ከቆመች ጨዉ እንደ ባሕር ነው፣ ካለፈች በዝቷል፣ ካልደረሰች አንሷል። ይህን አስረድቶ ሲያበቃ «ዓሦቹን ዛሬ አልሸጥልዎትም፤ መጀመሪያ ውሃው ይብሰል» አለው።

«በምን ያህል እሳት?»

«በእሳት አይደለም ጋሼ። ድንጋዩ ላይ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ እነሱ ይብዙ። የዓሣውን ቆሻሻ የሚበሉለት እነሱ ናቸው። ሳምንታት ይፈልጋል።»

ልኩ እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ያለ እሳት የሚበስል ውሃ፣ ቆሻሻ የሚበላ ድንጋይ! አንዱም አልገባውም፤ ግን ልጁ ፊት አልገባኝም ማለት አልወደደም።

ገንዳው ሳሎን ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ማዶ ተቀመጠ። ልኩ ሽርጡን ታጥቆ ባልዲ ሞላ፣ ጨው ዘገነ፣ በረጅሙ የእንጨት ማማሰያ አማሰለ። መርፌዋን ከላስቲኳ እንኳ አላወጣትም። ከእሱ ምላስ የፕላስቲክ ሳጥን ሊበልጥ ነው? በልጅነቱ አንድ ጊዜ ሲዋኝ ማዕበል አፉ ገብቶ ነበር፤ የባሕር ውሃ ጉሮሮ እንደሚያንቅ፣ ዓይን እንደሚያስነባ ያስታውሳል። የሚፈልገው ያንን ነው። ቀመሰ፣ የለም። ጨመረ፣ የለም። ከረጢቱ ተጋመሰ፣ ያ ማነቅ አሁንም የለም።

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል!» አለ እየሳቀ። ሚስቱ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አልሳቀችም።

በስተመጨረሻ፣ ምናልባት የዚያን ማነቅ ጫፍ ነካ ያደረገው ሲመስለው «ልኩ ነው» አለና ገንዳው ውስጥ ገለበጠው። ለወጉ ያህል መርፌዋን አውጥቶ ውሃ ሞላባት። መርፌዋ ብድግ አለች፣ አረንጓዴውን አለፈች፣ ቀዩን አለፈች፣ ክዳኑ ላይ ሄዳ ተለጠፈች።

«ተበላሽታለች» አለ።

በማግስቱ ሱቅ ወስዶ አስለወጣት። ሁለተኛዋም ብድግ ብላ ክዳኑ ላይ ተለጠፈች። አገላብጦ አያት፣ አራገፋት፣ ጆሮው አጠገብ አድርጎ አንኳኳት። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ አብረው ነው የተበላሹት ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተታት።

ከዚያ ግራ መጋባቱ ተራ በተራ መጣ። ጥርት ብሎ የሚታየው ውሃ ገና ነው ተባለ። ድንጋዩና አሸዋው ቡናማ ዝቃጭ ሲለብስ በቡርሽ ሊፈትገው እጅጌውን ሰበሰበ፤ ደውሎ ሲጠይቅ ግን ዓሣ ሻጩ «እሰይ! እንዳይነኩት፣ መብሰል ጀምሯል» አለው። ዕድሜውን ሙሉ ድስት ሲያስፈትግ የኖረ ሰው፣ ቆሻሻ እሰይ ሲባል የሰማው ያኔ ነው። ውሃው ደግሞ ማንም ሳይጠጣው በየዕለቱ ጎደል ይላል። ውሃው ከጎደለ ጨውም አብሮ ጎድሏል ብሎ በባልዲ የጨው ውሃ እያማሰለ ሞላው። ሞላ፣ ቀመሰ፣ ጨመረ። ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ሆነበት።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም?» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን። «በቃ ይቅርብህ። የተራ ውሃ ዓሣ ግዛና ቁጭ ብለህ እይ።»

«እዚህ ባዶ ውሃ ውስጥ የምን ዘንዶ አለ?»

ሚስቱ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ወልውላ ወጣች።

በመጨረሻ ዓሣ ሻጩ አሳዘነውና አንድ ቀንድ አውጣ ሰጠው። «ውሃው ደርሶ እንደሆነ እሱ ይነግርዎታል» አለ። ቀንድ አውጣው ገንዳው ውስጥ እንደገባ የቅርፊቱን በር ዘግቶ አሸዋው ላይ ተጋደመ። ልኩ መንገድ ደክሞት ነው ብሎ ጠበቀው። ብርሃኑ ረብሾት ይሆናል ብሎ መጋረጃ ዘጋለት። በማግስቱም ያው ነው። ተኝቷል እንዳይባል እንቅልፉ በዛ፣ ሞቷል እንዳይባል አልሸተተ። ጆሮውን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ ቢያዳምጥ የፓምፑ ድምፅ ብቻ ነው። ግራ ሲገባው ቀንድ አውጣውን ከነውሃው በጠርሙስ አድርጎ ሱቅ ተመለሰ።

ዓሣ ሻጩ ቀንድ አውጣውን የራሱ ገንዳ ውስጥ ጣል አደረገው። ከጠርሙሱ ውሃ ለካና አፏጨ።

«ጋሼ፣ በዚህ ውሃ ውስጥ ዓሣ አይኖርም። ሞቶ ሳይበላሽ ዓመት ይቆይበታል እንጂ።»

«መርፌዋ ናት እኮ…»

«መርፌዋ ደህና ናት። ምን ሲጨምሩበት ነበር?»

ልኩ የጎደለውን በጨው ውሃ ሲሞላ እንደከረመ ነገረው። ሰውየው ሳቀና አይዞዎት አለው፤ ጀማሪ ሁሉ እዚህች ላይ ነው የሚወድቀው። ተንኖ የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨዉ እዚያው ይቀራል፤ የሚሞላው ተራ ውሃ ነው። ልኩ ይህን ሲሰማ ከላዩ ላይ ሸክም የወረደለት ያህል ተነፈሰ። ለካ ይሄ ነው! ጥፋቱ ገንዳው ውስጥ እንጂ አፉ ውስጥ አልነበረም። እንዲህ ደስ ሲለው ነው ለካ ፈርቶ እንደከረመ ለራሱ የታወቀው። ውሃው አንዲት ጠብታ ሳይጎድል፣ ገና በመጀመሪያው ቀን መርፌዋ ለምን ክዳኑ ላይ እንደተለጠፈች ግን አልጠየቀም። ወሬ ላይ ሳሉ ቀንድ አውጣው በሩን ከፍቶ፣ ቀንዱን አውጥቶ የሱቁን መስተዋት ሽቅብ ይወጣ ጀመር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልኩ የገንዳውን ውሃ በባልዲ እየቀዳ ደፋ፣ ዓሣ ሻጩ ያጣራለትን ተራ ውሃ ቀስ እያለ ጨመረ። መርፌዋን ከመሳቢያ አውጥቶ በየመሃሉ ውሃ ሲሞላባት ከክዳኑ ተላቀቀች። ወረደች፣ ከቀዩ ወጣች፣ አረንጓዴው መስመር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ቀንድ አውጣውን መለሰው፤ ጥቂት ቆይቶ ተነስቶ ይሄድ ጀመር። ልኩ እንደ ልጅ እጁን አጨበጨበ። ከዚያ ለዘመናት እንደለመደው ጣቱን ነክሮ ወደ አፉ ወሰደ።

ምንም።

ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ። ደግሞ ነከረ። በመዳፉ ዘግኖ ተጎነጨ። ጉሮሮው አልታነቀም፣ ዓይኑ አላነባም። መርፌዋ ተበላሽታለች ሊል አሰበ፤ ቀንድ አውጣው ግን መስተዋቱ ላይ እየሄደ ነው። ቀንድ አውጣ ለማን ብሎ ይዋሻል? ልኩ ጓዳ ገብቶ የጨው ዕቃውን ከፈተ፣ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አደረገ። አሸዋ ነው። እፍኝ ሙሉ ዘግኖ አፉ ከተተ። እሱም አሸዋ ነው።

ፈራ። ማጠቢያውን ተደገፈ። ምላስ የሌለው አብሳይ ምን ይባላል? ያቺ በቀልድ የተናገራት ተረት መጥታ ፊቱ ቆመች፤ ድንጋይ ነው ብለው የሚጥሉት ለካ እሱን ነው። ቀጥሎ ደግሞ ከፍርሃቱ የባሰ ግራ የሚያጋባ ነገር መጣበት። ምላሱ ከሞተ፣ ያንን ሾርባ ማን ነው ሲያጣፍጠው የከረመው? ያ ሁሉ ሠራተኛ ሳህኑን ጠርጎ ድጋሚ የሚለምነው ምን በልቶ ነው?

ሚስቱን ጠራት። ከገንዳው በማንኪያ ቀድቶ ሰጣት።

«ይህን ቅመሺልኝ።»

ተቀበለችው። ማንኪያውን አላየችም፤ ያየችው የእሱን ፊት ነው። አፏ ውስጥ አደረገች፣ ዋጠች።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አለች ፊት ፊቱን እያየች። «ልኩ… ነው መሰለኝ።»

የባሕር ውሃ ነበር የዋጠችው። ማንም ሰው የባሕር ውሃ ቢጎነጭ ፊቱ ይጨማደዳል፣ እንትፍ ይላል። የእሷ ፊት ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ ፊት በአንድ ቀን አይገኝም፤ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። ልኩ ያን ጊዜ ገባው። ከአልጋ ከተነሳ ወዲህ እሱ የሠራውን በበላች ቁጥር ምግቡን ትታ የእሱን ፊት ስትቀምስ ነው የኖረችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ከተነሳህ ጀምሮ። የመጀመሪያውን ሾርባ ስቀምስ ጉሮሮዬን ዘጋኝ። አንተ ደግሞ እንደ ሕፃን ዓይን ዓይኔን ታያለህ። ከሞት አፍ የወጣ ሰው ነህ፤ እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

«ልጅቱስ?»

«ታውቃለች።»

«ፋብሪካስ?»

እንባዋ መጣ። «ዝምተኛዋን ሄጄ ለመንኳት። አንተ ሽርጥ ልትቀይር ስትሄድ ከድስቱ ወደ ሌላ ድስት ትቀንስና ሁለቱንም በፈላ ውሃ ታቀጥናለች። ድንችም ትጨምራለች። ሌላ ምን ታድርግ?»

ማንቆርቆሪያዋ! ያ የሚተርፈው ሾርባ! እጄ ተባረከ ያለው ውሃ ነበር። ልኩ ጮኸ፣ «መጫወቻ አደረጋችሁኝ!» አለ፣ ማማሰያውን ወረወረ። ከዚያ ገንዳው ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አፍሯል፣ ተናዷል፤ ከሁሉ የባሰው ግን በማን ላይ መናደድ እንዳለበት አለማወቁ ነው። የዋሹት ሰዎች የሚወዱት ሰዎች ናቸው። እሱ ራሱስ ለዚያ ሁሉ ሠራተኛ በየቀኑ «ልኩ ነው» ሲል የከረመው እውነት አልነበረም። ሚስቱ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። መብራት እስኪበራ ድረስ ሁለቱም ቀንድ አውጣውን ሲያዩ ቆዩ።

ሰኞ ሥራ ገባ። ድስቱ ሲንተከተክ ጨው አነሳና ፈርቶ ቆንጠር አድርጎ ብቻ ጨመረ። ጭልፋውን ነከረ፣ እፍ አለ፣ ቀመሰ። ሙቀት አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ከአጠገቡ ምድጃ ላይ ማንቆርቆሪያዋ ክዳኗን እያንኳኳች ትፈላለች። «ልኩ ነው» ብሎ ሽርጥ ሊቀይር ቢሄድ ሁሉም እንደነበረ ይቀጥላል፤ ማንም ምንም አይለውም። ድንች የሚልጡት፣ ሳህን የሚደረድሩት፣ ሁሉም ያችን ቃል እየጠበቁ ነው። ከመስኮቱ ማዶ ትሪ መደብደብ ተጀምሯል።

ልኩ ዞረና ጭልፋውን ለዝምተኛዋ ዘረጋላት።

«ቅመሺ።»

ቢላዎቹ ቆሙ። ዝምተኛዋ ጭልፋውን ተቀብላ እንደ ሚስቱ ፊቱን አየች።

«ፊቴን አትዪ፣ ድስቱን ቅመሺ» አላት። «ምላሴ ሞቷል። አንቺም ታውቂያለሽ፤ እነሱም ይወቁት።»

ይህን ሲል ወለሉ ተከፍቶ የሚውጠው መስሎት ነበር፤ አልዋጠውም። ዝምተኛዋ ቀመሰች። አላመጠች፣ አሰበች፣ ደግማ ቀመሰች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

ከታመመ ወዲህ የሠራውን ምግብ እንዲህ ነው ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። ልኩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያንሰዋል በመባሉ ይህን ያህል ደስ ይለኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። «ምን ያህል?» አላት። መዳፏን አጎድጉዳ አሳየችው። በዚያ ልክ ጨመረ፤ ቀመሰች፣ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሄዳ ማንቆርቆሪያዋን ከምድጃው አወረደችና መስኮቱን ራሷ ከፈተችው።

ያን ቀን ሾርባው አልተረፈም። የሰልፉ መጨረሻ ላይ የነበረው ሰው የድስቱን ቂጥ አስጭሮ ሄደ። ከኋላው ድጋሚ የለመደ አንድ የማሽን ጠጋኝ መጥቶ መስኮቱን በማንኪያ ደበደበ።

«ሼፍ፣ ዛሬ ድስቱን ምን ነካው? በረከቱ የት ገባ?»

«ድጋሚ የለም» አለ ልኩ። «ዛሬ ልኩ ነው።»

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ዓሣ ሻጩ ውሃውን መረመረና በስሏል አለ፤ ባለ ቀበቶዎቹን ሁለት ዓሦች በውሃ በተሞላ ላስቲክ ቋጥሮ ሰጠው። ልኩ ቤት ሲገባ መርፌዋን አየ፤ አረንጓዴው ላይ ናት። ቋጠሮውን ግን ወዲያው አልፈታም። ማንኪያ አመጣና ሚስቱን ጠራት።

«ደግሞ ምን መጣ?»

«ቅመሺ። እኔን ግን አትዪኝ» አለና ጀርባውን ሰጣት።

ማንኪያው ገንዳው ውስጥ ሲነከር ሰማ። ከዚያ ከጀርባው «ኤጭ! እንትፍ! ምን መርዝ ነው የምታጠጣኝ፣ አንተ!» የሚል ጩኸት መጣ። ዘወር አለ። ፊቷ ተጨማዶ፣ ዓይኗ አንብቶ፣ ምላሷን በፎጣ ትጠርጋለች። ልኩ ያንን የተጨማደደ ፊት እስኪጠግብ አየው፤ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እንደዚያች ሰዓት ቆንጆ ሆና ታይታው አታውቅም። ከዚያ ቋጠሮውን ፈትቶ ዓሦቹን ለቀቃቸው።